የዳኛ ሰባት ኪኒን

አባ ሰንሰለት የሚለውን ስም ማን እንዳወጣለት የሚያውቅ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የውሻ ሰንሰለት እንደ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ የጎማ መጋዘኑን ግቢ ሲዞር ያየ ሰው ግን ሌላ ስም አይፈልግለትም። እናቱ ያወጣችለት ስም መታወቂያው ላይ አለ፤ እዚያው ይቀመጥ።

ወደ መጋዘኑ የገባው ጎማ ለመጫን ነበር። ገና በጉልምስናው የከባድ መኪና ጎማ ከክምሩ ተንከባሎ ቀኝ እግሩ ላይ አረፈና ሁለት ጣቶቹን ጨፈለቃቸው። "ከእንግዲህ ለጭነት አትሆንም፣ ውሾቹን ያዝ" ተባለ። አለቆቹ እንደ ቅጣትም እንደ ምጽዋትም አድርገው ነበር የሰጡት። በሳምንቱ ግን ውሾቹ ገና ከሩቅ ሲያዩት ጭራቸውን ይቆሉ ጀመር፤ እሱም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠዋት ሥራ ለመግባት ቸኮለ።

ሚስቱ "ልብስህ ውሻ ውሻ ይላል" እያለች ስድስት ዓመት ታገሠች፤ በሰባተኛው ጓዟን ጠቅልላ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች። "ከእኔና ከውሾቹ ምረጥ" ብላው ነበር ይባላል። እሱ ስለዚህ ሲጠየቅ፣ "እያሰብኩ ሳለ ሄደች" ይላል። ከዚያ ወዲህ የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር ነው። እሷም ብትሆን የሥራ ካፖርቱን ደጅ ካላወለቀ አታስገባውም።

እንግዲህ ወደ ቀጥ በል ልምጣ። ቀጥ በል የመጋዘኑ በረኛ ነው፤ እንደ በር መቃን ቀጥ ያለ ሰው። የደንብ ልብሱን ሳይተኩስ ከቤቱ ወጥቶ አያውቅም። ጎበጥ ብሎ የሚራመድ ሠራተኛ ካየ "ቀጥ በል!" ብሎ ይጮህበታል፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ታምሜአለሁ ብሎ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም፣ በዚህም ይኮራል። "ሐኪም ቤት የለመደ ወንድ አልጋ ለምዶ ይቀራል" ይል ነበር።

እነዚህ ሁለቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ከአንድ ሳህን ምሳ በልተዋል። እጅና ጓንት ነበሩ። የአባ ሰንሰለት እናት ስትሞት ሣጥኑን ከፊት የተሸከመው ቀጥ በል ነው። የቀጥ በል ሚስት ምጥ ሲይዛት በዚያ በተጨፈለቀ እግሩ መኪና ፍለጋ የሮጠው አባ ሰንሰለት ነው። "ወንድሜ" ይባባሉ ነበር። አባ ሰንሰለት ቃሉን ሲለው ከልቡ ነበር።

ዳኛ ደግሞ ውሻው ነው። የሁለት ወር ቡችላ ሳለ በካርቶን ተይዞ መጣ። በመጣ አንድ ወር ሳይሞላው ሁለት ትልልቅ ውሾች በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ሲጣሉ መሀላቸው ገብቶ ቁጭ አለ። እነሱ ግራ ተጋብተው አንዱ ሌላውን ሲያይ ምግቡን ጥርግ አድርጎ በላው። "ይሄስ ዳኛ ነው!" አለ ቀጥ በል፣ ሳቁ እስከ ጎማው ክምር ድረስ እየተሰማ። ዘጠኝ ዓመት በዚሁ ስም ተጠራ። አንድ ጆሮው የተቀደደ፣ ቡናማ፣ ጩኸት የማያበዛ ውሻ ነበር። ሌሎቹ ውሾች የመጋዘኑ ነበሩ፤ ዳኛ ግን የአባ ሰንሰለት ነበር። ይህን የሚል ወረቀት የለም፣ ግቢው ውስጥ ግን የማያውቅ አልነበረም።

አንድ ጠዋት አባ ሰንሰለት የውሾቹን ቤት በጎማ ቱቦ ሲያጥብ ሲሚንቶው ላይ የደም ጠብታ አየ። ጠብታው ከዳኛ ሥር ነው። በማግስቱም እንዲሁ። ከዚያ ደግሞ ለመጸዳዳት ይቀመጥና ይጨነቃል፣ ይነሣል፣ ተመልሶ ይቀመጣል፤ የወጣውም እንደ ቀበቶ ጠፍጣፋ ነው። ሽንቱን ደግሞ በየጥጉ ጠብ ጠብ ያደርጋል እንጂ አይጨርስም። አባ ሰንሰለት ቀጥ በልን ጠርቶ ውሻውን ለሁለት ተሸክመው በመጋዘኑ ፒካፕ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰዱት።

ሐኪሟ አጭር፣ ቀልጣፋ ሴት ናት። ጓንት አጥልቃ ጣቷን ከኋላው አስገብታ ስትዳስስ፣ አባ ሰንሰለት የውሻውን አንገት አቅፎ "አይዞህ፣ አይዞህ" ይለው ነበር። ቀጥ በል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ግንባሩን በመሐረብ ይጠርጋል። አባ ሰንሰለት ያኔ ለዳኛ ያዘነ መሰለው። ከዚያ ሐኪሟ የሆዱን ፀጉር ላጭታ በመሣሪያ አየችው።

"ፕሮስቴት የሚባል እጢ አለው፣ ከፊኛው ሥር" አለች። "ወንድ ውሻ ሲያረጅ የወንድነት ሆርሞኑ ያንን እጢ ያሳብጠዋል። ሲያብጥ አንጀቱን ይጫናል፣ የሽንቱን መንገድም ያውካል። የዳኛ ከሚገባው በላይ ሆኗል።"

"ይድናል?"

"ዋናው ፈውስ ማኮላሸት ነው። ግን የልቡን ድምፅ አልወደድኩትም፤ ተደንዝዞ ሳይነሣ እንዳይቀር እፈራለሁ። ከቆዳ ሥር የሚቀበር መድኃኒትም አለ፤ እሱ ግን ከማሻሻሉ በፊት መጀመሪያ ላይ ሊያባብሰው ይችላል፤ ዳኛ ደግሞ ከዚህ ወዲያ የሚብስበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ኪኒን እንሰጠዋለን። ኪኒኑ ሆርሞኑ ወደ እጢው እንዳይገባ በሩን ይዘጋበታል።" ወደ ቀጥ በል የደንብ ልብስ አየት አድርጋ ፈገግ አለች። "እንደ እርስዎ በረኛ ነው ማለት ነው።"

ሰባት ኪኒን፣ ሰባት ቀን፣ ከምግብ ጋር። አንዴ ከተወሰደ አምስት ወር ያህል ያሳርፋል። በሁለተኛው ሳምንት ግን ማየት አለብኝ አለች።

ቀጥ በል ጉሮሮውን ጠረገ። "ሰው ላይስ... ይሠራል እንዴ?"

"የውሻ መድኃኒት ለውሻ ነው፣ ጋሼ። ይሄ በሽታ ወንዶችንም ሲያረጁ ያገኛል፤ እነሱ ግን የራሳቸው ሐኪም፣ የራሳቸው መድኃኒት አላቸው።"

"ምነው፣ ጭራ ልታበቅል አስበሃል?" አለው አባ ሰንሰለት። ሦስቱም ሳቁ። ቀጥ በል ከሁሉም አብልጦ ሳቀ።

ችግሩ አባ ሰንሰለት በዚያው ሳምንት የዓይን ቀጠሮ ነበረው። የግራ ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ ያን ወረፋ ካሳለፈ ሌላ እስኪደርሰው ዓመት ይሞላል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንድ ሳምንት ጎንበስ እንዳትል፣ አቧራና እንስሳ እንዳትነካ ተብሏል። ቀጠሮውን ልተወው ሲል የተቆጣው ቀጥ በል ነው።

"እኔ ምን ልሠራ ተቀምጫለሁ? ኪኒን ማጉረስ ያቅተኛል?"

አባ ሰንሰለት ፓኬቱንና የሐኪም ማዘዣውን እጁ ላይ አስቀመጠለት። እኔ ይህን ታሪክ በተናገርኩ ቁጥር እዚህ ላይ ስደርስ እናደዳለሁ፤ ሰው ወንድሙን ባያምን ታዲያ ማንን ይመን?

አባ ሰንሰለት አንድ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኖ እህቱ ቤት ሶፋው ላይ ተቀምጦ በየቀኑ ይደውላል። "ዛሬስ?" ሲል፣ "በሥጋ ጠቅልዬ አጎረስኩት፣ ጣቴን እስኪልስ በላው" ይለዋል ቀጥ በል። በአራተኛው ቀን፣ "ዛሬ ተፍቶብኝ ነበር፣ ግን መንጋጋውን ይዤ እንደገና አስዋጥኩት" አለው። አባ ሰንሰለት በስልክ ሳቀ። "እሱ ዳኛ ነው፣ ዝም ብሎ አይፈርድልህም" አለ። እህቱ ከኩሽና ሆና፣ "እኔ ስታመም እንዲህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት" አለችው።

በሁለተኛው ሳምንት ዳኛን መልሰው ወሰዱት። ከፒካፑ ሲወርድ የኋላ እግሮቹ ይንቀጠቀጡ ነበር። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልተጸዳዳም፣ ሽንቱም ቆሟል። ሐኪሟ ቱቦ አስገብታ አስተነፈሰችው፣ ከዚያ ዳሰሰችው፣ በመሣሪያ አየችው፣ እንደገና አየችው። ፊቷ ተለወጠ።

"ምንም አልቀነሰም" አለች። "እንዲያውም ጨምሯል። ተራ እብጠት ቢሆን ይሄ መድኃኒት እስካሁን ቀነስ ያደርገው ነበር። ሆርሞኑን ከልክለነውም የሚያድግ ከሆነ... ካንሰር ነው ብዬ እሰጋለሁ።" ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀች። "ሰባቱም ተሰጥተውታል? ደህና አድርጋችሁ አስቡ። አንድ ሁለት ቀን ተዘሎ ከሆነ ንገሩኝ፣ እንደገና እንጀምርለታለን። ሁሉንም ወስዶ ካልሠራለት ግን መልሼ ብሰጠው ሥቃዩን ማርዘም ነው።"

አባ ሰንሰለት ወደ ጓደኛው ዞረ። ዛሬም ያን አፍታ ሲያስታውስ ክፍሉን እንዳለ ያየዋል፤ የብረት ጠረጴዛውን፣ የጓንቱን ካርቶን፣ የቀጥ በልን የተተኮሰ ኮሌታ።

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው" አለ ቀጥ በል። "ሰባቱንም በዚህ እጄ።"

ሐኪሟ ናሙና ወስዶ ወደ ሩቅ ላቦራቶሪ መላክ እንደሚቻል ነገረችው፤ ውጤቱ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፣ ዳኛ ግን ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆኖ መቆየት አይችልም። አባ ሰንሰለት ውሻውን አየው። ውሻው እሱን አየው። ከዚያ በመርፌ እንዲያርፍ የሚፈቅደውን ወረቀት ፈረመ። በአዲሱ ዓይኑ አጥርቶ ያነበበው የመጀመሪያ ጽሑፍ ያ ወረቀት ነበር።

መርፌው ሲገባ የዳኛን ራስ የያዘው ቀጥ በል ነው። አለቀሰም። እንባው የውሸት አልነበረም፣ ጺሙን አርሶት ነበር። አባ ሰንሰለትን የሚያቃጥለው እስከ ዛሬም ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ አባ ሰንሰለት ሥራውን ይሠራል እንጂ የለም። ሰንሰለቱን አንገቱ ላይ አድርጎ ይዞራል፣ ጫፉ ላይ ግን ምንም የለም። የቀጥ በል ሚስት ሁለት ጊዜ ልታጽናናው መጣች። "ወንድሜ፣ እኛ ቤትም ሐዘን ነው፤ ባለቤቴ ስሙን በጠራ ቁጥር ያነባል" አለችው። ይህን ሲሰማ ጓደኛውን ይበልጥ ወደደው።

ሁለት ወር አለፈ። የመጋዘኑ ኃላፊ የውሾቹን ቤት ማጽጃ እንዲገዛ ላከው። የእንስሳት መድኃኒት ቤቷ ባለሙያ ብዕሯን ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ ተቀምጣለች፤ ዳኛን ገና ከመጀመሪያው ክትባቱ ታውቀዋለች።

"ዳኛ እንዴት ሆነ፣ ጋሼ?" አለችው።

የሞቱን ሊነግራት አፉን ሲከፍት እሷ ቀጠለች። "ጓደኛዎ ሁለተኛውን ዙር ሲወስድለት ገና ነው፣ አምስት ወር ሳይሞላ አይደገምም ብዬው ነበር። አልሰማኝም። የመጀመሪያው ትንሽ ቀለል አድርጎለት ነበር አለኝ።"

"መቼ?"

"አሁን ባለፈው ሳምንት ነዋ። ማዘዣውን ይዞ መጥቶ።"

አባ ሰንሰለት ባንኮኒውን ያዘ። ባለፈው ሳምንት ዳኛ ከሞተ ሰባት ሳምንት ሆኖታል። መጀመሪያ ምንም አልገባውም። ከዚያ ሁሉም አንድ በአንድ መጣ፤ ግድግዳውን ያየው ፊት፣ መሐረቡ፣ "ሰው ላይስ ይሠራል እንዴ?" የሚለው ጥያቄ፣ ከምሳቸው መሀል አራቴ አምስቴ እየተነሣ "ሻይ በዝቶብኝ ነው" እያለ ወደ መጸዳጃ ቤት መሮጡ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እሱ ለመጠርጠር እንኳ አልደረሰም ነበር። ማጽጃውን ሳይገዛ ወጣ።

ቀጥ በል እንደ ልማዱ በሩ ላይ ቆሟል።

"ኪኒኖቹን በላሃቸው" አለው። ሰላምታም አልሰጠው።

ቀጥ በል ሊክድ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ወደ ጥበቃ ክፍሏ ሳብ አደረገው። ድምፁ ሰለለ። "ምን ላድርግ? ዓመት ሆነኝ እኮ። በጠብታ ነው የምሸናው። ሐኪም ዘንድ ሄጄ እንደዚያ... ጀርባዬን ሰጥቼ እንደ ውሻ ልዳሰስ? በዚህ ዕድሜዬ? አፈርኩ!"

"ልትነግረኝ ትችል ነበር።"

"ላንተስ ቢሆን አላፍርም?"

"እሺ እሱ ይሁን። ሐኪሟ ስትጠይቅህስ? 'አንድ ቀን ተዘሎ ከሆነ ንገሩኝ' ስትል እኔ ዓይንህን ሳይ?"

ቀጥ በል መሬት መሬቱን አየ። "የሚሞት መች መሰለኝ። ደግሞስ... ውሻ ነው እኮ።"

አባ ሰንሰለት ያን ሁሉ ሰምቶ ቻለ፤ ይችኛዋ ግን ሆዱ ውስጥ ገብታ ቀረች። ዘጠኝ ዓመት ያን ስም እየጠራ ጆሮውን ያሻሸው፣ ስሙን ራሱ ያወጣለት ሰው ነው "ውሻ ነው እኮ" ያለው። "መንጋጋውን ይዤ አስዋጥኩት ያልከኝ ቀን" አለ፣ "እኔ ስቄልህ ነበር።" ሲወጣ ቀጥ በል ከኋላው፣ "ወንድሜ፣ ለማንም እንዳትነግርብኝ፤ ለሚስቴም" አለው።

አልነገረም። ለምን እንዳልነገረ ራሱም አያውቅም። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልማድ ይሆናል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዋጠው። ምሳውን ከጎማው ክምር ጀርባ ብቻውን መብላት ሲጀምር ሠራተኛው አጉረመረመ፤ በውሻ ሞት ሰው ይኮረፋል እንዴ ተባለ። ቀጥ በልም፣ "ተዉት፣ ሐዘኑ ነው፣ ያልፍለታል" ይላቸው ነበር አሉ። እዩት እንግዲህ፣ ይቅር ባዩ እሱ ሆኖ አረፈ!

በወሩ አንድ ረፋድ ላይ የቀጥ በል ሚስት እያለቀሰች ደወለች። "ወንድሜ ድረስልኝ፤ ሽንቱ ተዘግቶ ሆስፒታል አስገባሁት።" አባ ሰንሰለት ስልኩን ይዞ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ሄደ። እሷ ምን አድርጋዋለች?

ስድስት አልጋ ያለው ክፍል ነው። ቀጥ በል በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ ጎብጦ ተኝቷል፤ እንዲህ ጎብጦ ሲያየው የመጀመሪያው ነው። ቱቦ ገብቶለታል። ወጣቱ ሐኪም ወረቀቶቹን ያገላብጣል።

"አባቴ፣ የሽንቱን ነገር እንደርስበታለን፤ በመዘግየትዎ ነው እንጂ በጊዜ ቢመጡ ቀላል ነበር። የጉበትዎ ውጤት ግን ግራ አጋብቶኛል። የወሰዱት መድኃኒት አለ? ኪኒን፣ መርፌ፣ ሌላም ነገር? ደህና አድርገው ያስቡ።"

"ምንም" አለ ቀጥ በል።

"እርግጠኛ ነዎት? የወሰዱት ነገር ከሌለ ሌላ በሽታ መፈለግ ሊኖርብን ነው። በመርፌ ከጉበትዎ ቁራጭ እንወስዳለን።"

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ምንም አልወሰድኩም።"

ያንኑ መሐላ፣ በዚያው ድምፅ። ከዚያ ዓይኑ ከሐኪሙ ትከሻ በላይ አባ ሰንሰለትን አገኘው፤ ለመነው። አባ ሰንሰለት የጓደኛው ሚስት ክንዱን እንደያዘች ቆሟል። ዝም ማለት ይችላል። ዝም ማለት ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ከማንም በላይ ያውቃል። እውነቱን ለመናገር፣ ዝም ማለት አምሮትም ነበር፤ አንድ የልብ ምት ያህል፣ ምናልባትም ሁለት።

"አሥራ አራት ኪኒን ወስዷል" አለ።

ሐኪሙ ቀና አለ። "የምን ኪኒን?"

"የፕሮስቴት። የሆርሞን ነው። መጀመሪያ ሰባት፣ ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ሰባት።" ሰንሰለቱን ከአንገቱ አወረደው። "የውሻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰባቱ የዳኛ ነበሩ።"

ጎረቤት አልጋ ላይ ያለው ሰው ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። ሐኪሙ እየጻፈ፣ "ጥሩ፣ ይሄን ማወቄ በጣም ይጠቅማል" እያለ ወጣ። ሚስቱ የአባ ሰንሰለትን ክንድ ለቀቀች። ባሏን አየችው፣ አየችው።

"አንተ" አለች በመጨረሻ። "ሲሞት ራሱን የያዝከው አንተ አይደለህም?"

የቀጥ በል ፊት ከአንገቱ እስከ ግንባሩ ቀልቷል፤ የሚያየው አባ ሰንሰለትን ብቻ ነው።

"ከዳኸኝ" አለው።

አባ ሰንሰለት ሰንሰለቱን እጁ ላይ ጠቀለለው። የሚናገረው ብዙ ነበረው፤ ወር ሙሉ ከጎማ ጀርባ ሲያዘጋጀው የከረመ። አሁን ግን አንዷ ብቻ መጣችለት።

"የዳኛ ሐኪምም ልክ እንደዚህ ነበር የጠየቀችህ" አለው፤ "አንድ ቃል ይበቃው ነበር።"